ጅቡን ካኪ ያለበስኩበት ክረምት

ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ይህ ዕውቀቴ ግን በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ክረምት፣ በሁለት ቅዳሜዎች መካከል ድራሹ ጠፋ። እንዴት እንደጠፋ ልንገራችሁ፤ ሥራ ካላችሁ ሥራችሁን እየሠራችሁ ስሙኝ።

ያ ክረምት ለተረት የተፈጠረ ክረምት ነበር። ጉሙ ጠዋት ከእንጦጦ ይወርድና እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ፒያሳ ላይ ሲንጎራደድ ይውላል። የጣሊያን ጊዜ ሰገነቶች ግድግዳቸው ጠፍቶ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ከወርቅ ቤቶቹ መስኮት የሚወጣው መብራት ጉሙ ውስጥ እየሟሟ የማር ቀለም ይይዛል። ሰው ከፊታችሁ ድንገት ይበቅላል፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላል፣ ተመልሶ ይጠፋል። ማን እንደነበረ ትዝ የሚላችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ እግራችሁን ስትታጠቡ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ፋይል አወጣለሁ፤ ፋይል እመልሳለሁ። የምኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ግቢው ለአምስት ቤተሰብ በተከፈለ ቤት፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ቀበሌያችን ልጆች ክረምቱን ጎርፍ ውስጥ ሲንቦራጨቁ ከሚከርሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ መጽሐፍ ይነበብላቸው ብሎ ወሰነ። ማን ያንብብላቸው ሲባል የስብሰባው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ መነጽሬ ነው። በእኛ አገር መነጽር ያደረገ ሁሉ ያነበበ ይመስላል። እኔ ግን መነጽር ያደረግሁት ስላነበብኩ ሳይሆን ስለማይታየኝ ነው።

"ጓድ" አለኝ ሊቀ መንበሩ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የሕፃናቱ ኃላፊ አንተ ነህ።"

ሊቀ መንበሩ ከኮቱ እስከ ሱሪው ካኪ የሚለብስ፣ ሽጉጥ ከጎኑ የማይለይ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ የሚያናውጥ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ "ኃላፊ ነህ" እና "ተጠያቂ ነህ" ሁለት ቃል አልነበሩም። እሺ አልኩ።

የተሰጠኝ መጽሐፍ ስለ አንድ ትራክተር ነበር። ትራክተሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያርሳል። በሁለተኛው ይበላሻል። በሦስተኛው ይጠገናል፤ በአራተኛው ያርሳል። ትራክተሩ ሲበላሽ ከልጆቹ ግማሾቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲጠገን የቀሩት ተከተሏቸው። እኔም ራሴ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ ያወቀብኝ የለም። ነቅታ የነበረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነች፤ የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ትርሲት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

"ጋሼ" አለችኝ እጇን አውጥታ፣ "ትራክተሩ ሰው ይበላል?"

"አይበላም።"

"እ... እንግዲያው የሚያስፈራ የለዎትም?"

እኔን እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ "ፋይሉ አልተገኘም?" የሚል ብቻ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው፣ ያውም በጥርስ እጦት ምክንያት ግማሹን ቃል በድዱ የሚያወራ ሰው፣ ከእኔ ውስጥ ያለ ነገር ፈለገ። ልቤ ሞቀ። የሰው ልብ ሲሞቅ አእምሮው ይቀዘቅዛል።

ነፍሷን ይማርና አንዲት አክስት ነበረችኝ። የምታውቃቸው ተረቶች በሙሉ ሰው የሚበላባቸው ነበሩ። የእንጀራ እናት ልጅ ወንዝ ትጥላለች፤ ንጉሥ የልጁን እጅ ይቆርጣል፤ ጅብ አማች ሆኖ ይመጣል። አንዲት ደግ ሴት ካለች መጀመሪያ የምትበላው እሷ ነች። እኔ ከእነዚህ ሁሉ የምወደው፣ ማለትም በጣም የምፈራው፣ ቀን ቀን ብረት ቀጥቃጭ፣ ማታ ማታ ጅብ ስለሚሆነው ሰው የሚያወራውን ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁና እሱን ልጀምር ስል አሰብኩ። ቀጥቃጩን ጅብ ነው ማለት አድኃሪነት ነው፤ የእጅ ባለሙያ መናቅ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። እንግዲህ ጥንቃቄዬን እዩልኝ። ማንም ክፉ ብሎት የማያውቅ ሙያ ፈለግሁና ጅቡን ልብስ ሰፊ አደረግሁት። ጅራቱንስ የት ይደብቀው? ሰፊ ሱሪ ውስጥ። ምን ዓይነት ሱሪ? ዓይኔ አዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለ ካፖርት ላይ አረፈና አፌ "ካኪ" አለ።

"አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ጉም በማይለየው አንድ ከተማ" አልኳቸው፣ "ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልብስ ሰፊ ነበረ። የሰፋው ልብስ ያምራል፤ ዋጋ ሲጠይቁት 'ይቆየኝ' ይላል። ልጆችን ሲለካ ሜትር የለውም፤ ሲባጎ ነው የያዘው። ቁመታቸውን በሲባጎ ይለካና ቋጠሮ ይቋጥራል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ። ማታ ሲሆን ሱሪውን ያወልቃል፣ ጅራቱን ይዘረጋል፣ ሲባጎውን በጥርሱ ይዞ ያሸታል። ልኩን የወሰደበትን ልጅ የትም ቢደበቅ ሲባጎው ይመራዋል..."

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዓይነት ጸጥታ በሕይወቴ አልሰማሁም። የተኙት ነቅተው እርስ በርሳቸው ተቃቅፈዋል። ዝናቡ እንኳ ቆርቆሮው ላይ በጣቱ ጫፍ የሚራመድ መሰለኝ። ጅቡ የመጀመሪያውን ልጅ በላ። ሁለተኛውንም። የሦስተኛዋ ልጅ በር ላይ ሲደርስ፣ ሲባጎው ሲወጠር፣ እኔ ሞኙ ክብር አሰከረኝና መነጽሬን አውልቄ፣

"የቀረውን የሚመጣው ቅዳሜ!" አልኩ።

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ አሁኑኑ ግንባራችሁን መትታችኋል። እኔ አልመታሁም። ጅቡን በር ላይ አቁሜው፣ ስልሳ ልጆች ለአንድ ሳምንት ከእሱ ጋር ትቻቸው፣ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የተረት ጅብ ከእውነተኛው የሚለየው በዚህ ነው፤ እውነተኛው ሲነጋ ይሄዳል።

ሰኞ ምንም አልሆነም። ማክሰኞ ጋሽ ሸምሱ መጡ።

ጋሽ ሸምሱ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ከፒያሳ ወደ እኛ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በር በምታክል ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ የስፌት መኪና የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያለበሱ ሰው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ክፋታቸው ቢፈለግ ቢፈለግ አንድ የወርቅ ጥርስ ብቻ ነው። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ በየግቢው እየዞሩ ለዩኒፎርም ልክ ይወስዳሉ።

እኔ ያን ቀን አሞኛል ብዬ ቀርቼ ነበርና ሁሉንም በመስኮት አየሁ። ጉሙ ግቢያችን ድረስ ገብቷል። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ሜትሩ ታየ፤ ከዚያ የወርቁ ጥርስ አብለጨለጨ፤ ከዚያ፣

"የእኔ ዓለሞች፣ ኑ ልለካችሁ!" የሚል ለስላሳ ድምፅ ተሰማ።

የተነሣውን ጩኸት አራት ኪሎ ሳይሰሙት አልቀሩም። አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሁለቱ አንድ በርሜል ውስጥ ገቡ፤ በርሜሉ ለአንድ እንኳ አይበቃም ነበር። ትርሲት የእናቷ አልጋ ሥር ገብታ "ልኬን አትስጧቸው! ቁመቴን አትንገሯቸው!" ትላለች። እትዬ ዘነበች እግሯን ይዛ ትጎትታለች፤ ልጅቷ የአልጋውን እግር ይዛለች፤ አልጋው ራሱ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ግቢው መካከል ሜትራቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አንዴ ወደ ጣሪያው፣ አንዴ ወደ በርሜሉ ያያሉ። ከዚያ ሜትሩን ቀስ ብለው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ጉሙ ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

እስከ ሐሙስ ድረስ በቀበሌው ውስጥ ልኩን ያስወሰደ አንድም ልጅ አልነበረም። በሜትር ብቻ አልቆመም። ጤና ጣቢያ ቁመት ይለካ ሲባል ግድግዳው ላይ የሚቆም ጠፋ። አንድ አባት ለልጁ ጫማ ሊገዛ ወስዶት ልጁ እግሩን ከካልሲው አላወጣም ብሎ ካልሲ ብቻ ገዝቶለት ተመለሰ አሉ። እናቶች በሬን መደብደብ ጀመሩ።

"አንተ ልጅ!" አለች እትዬ ዘነበች፣ "ያንን ጅብህን ና ውሰድልኝ! ሦስት ሌሊት ከእኔና ከልጄ መካከል ተኝቷል!"

ሁሉንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ሲመጡ ነው። ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ "ኧረ ይተዉ ጋሽ ሸምሱ!" ብዬ ለመንኳቸው። ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በጮሁብኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ጅብ ነው አልካቸው አሉ።"

"እርስዎን አላልኩም! የተረት ሰው ነው! ተረት..."

"አውቃለሁ። ተረት መሆኑን አውቃለሁ።" እጃቸውን አዩት። "ትርሲት በየቀኑ እየመጣች ቁርጥራጭ ጨርቅ ትወስድ ነበር፣ ለአሻንጉሊቷ። ቀዩን ለይቼ አስቀምጥላታለሁ። ትናንት ሳታየኝ አልቀረችም፤ መንገድ ተሻገረች። እኔኮ ሌላ ልጅ የለኝም።"

መልስ ፈለግሁ። ፋይሉ አልተገኘም። እሳቸው ተነሥተው "በል ደኅና ሁን" ብለው ወጡ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ መሸ።

ዓርብ ጠዋት ከሊቀ መንበሩ ዘንድ ጥሪ መጣ።

ቢሮው ውስጥ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ወረቀት ላይ አኑሮታል፣ ነፋስ እንዳይወስድበት። ቁጭ በል አላለኝም።

"ጅቡ ምን ለብሶ ነበር?" አለኝ።

"ልብስ።"

"ምን ዓይነት ልብስ?"

"ሱሪ... ነገር።"

"ቀለሙ?"

የእሱን ሱሪ ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። ዝናብ ያፈሰሰው ውሃ እዚያ ሰፊ ምልክት ትቷል። "ቡናማ ብጤ" አልኩ።

"ካኪ ነው አሉኝ!"

"ካኪም... ቡናማ ብጤ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

ጠረጴዛውን መታ። ሽጉጡ ዘለለ፤ እኔም ዘለልኩ። "ይህ ጅብ ማን ነው?"

"ጅብ ነው።"

"ጅብ መሆኑን አውቃለሁ! ከጅቡ በስተጀርባ ያለው ማን ነው?"

"ጅራቱ ነው" አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ለመቀለድ አልነበረም። ያናገረኝ ፍርሃት ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር "ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ" ተብሎ ሄዶ ቀርቷል። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ከዚያ ሰው ሊሰማን ይችላል በሚል ዓይነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ነገ፣ ወላጆች ባሉበት፣ ተረቱን ታርማለህ። ጅቡ ይታረም። ካልታረመ የምትታረመው አንተ ነህ" አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሳርም አደርኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ የተረፉት በመስኮት ተንጠለጠሉ። እናቶች በስተግራ፣ ልጆች መሬት ላይ፣ ሊቀ መንበሩ ከፊት ወንበር። ጋሽ ሸምሱ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ እግራቸውን ሸፍኖታል። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ጀመርኩ።

"ጅቡ የሦስተኛዋ ልጅ በር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አሰበ። 'ልጅ መብላቴ ስህተት ነው' አለ። በሰፊው ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ። ከዚያም የልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ገብቶ፣ ጎመን እየበላ..."

ከልጆቹ መካከል የሚያስፈራ ጉርምርምታ ተነሣ። አዋቂ የማይረባ ነገር ሲነግሩት ያጨበጭባል፤ ልጅ ይህ ትምህርት ገና አልደረሰውም።

"ጋሼ ዋሹ!" ትርሲት ተነሥታ ቆመች። "ጅብ ጎመን አይበላም! የበላቸው ሁለቱ ልጆችስ? ደግሞ እንደዚህ አላሉም ነበር፤ ካኪ ሱሪ ነው የለበሰው ብለው..."

እናቷ አፏን ያዘቻት። ቃሉ ግን ወጥቷል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ቦታ ያያል እንጂ የሊቀ መንበሩን ሱሪ የሚያይ አልነበረም። አንድ መቶ ሰው አንድን ሱሪ ላለማየት ሲታገል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሊቀ መንበሩ አንገት ቀስ እያለ ወደ እኔ ሲዞር ታየኝ።

"ካኪ አልነበረም።"

ከኋላ ነው ድምፁ። ጋሽ ሸምሱ ጉሙን ከእግራቸው ላይ እያራገፉ ወደ ፊት መጡ። "ይቅርታ ጓድ ሊቀ መንበር። ይህ ልጅ መነጽር ቢያደርግም አይታየውም። ካኪ አልነበረም፤ አቡጀዲ ነው። እኔ የማውቀው፣ ያንን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።"

ልጆቹ ወደ ኋላ ተሳቡ።

"አዎ" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ መሬት ላይ ከልጆቹ ፊት ለፊት ቁጭ እያሉ። "ያ ጅብ ልብስ ሰፊ አልነበረም። መርፌ የት እንደሚገባ እንኳ አያውቅም፤ ሙያችንን ሰርቆ ነው። ጅራቱ አላስቀምጥ ሲለው አንድ ቀን ወደ እኔ መጣ። 'ሱሪ ስፋልኝ፣ ከኋላው ሰፋ ይበል' አለኝ። 'ምነው ከኋላ?' ስለው 'ኪንታሮት አለብኝ' አለ።"

መጀመሪያ የሳቁት እናቶች ናቸው። ከዚያ በርሜል ውስጥ ገብተው የነበሩት ሁለቱ።

"ለካሁት። ሲለካ ይኮረኩረዋል፤ እንዲህ እያለ ይስቃል!" በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው የጅብ ሳቅ ሳቁ። "እኔም ልኩን በወረቀት ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ለምን ይመስላችኋል? ልኩን የሚያውቅ ሰው አለ! ጅብ ልኩን ከሚያውቅ ሰው ሰፈር አይደርስም። እዚህ ሰፈር ጅብ ዝር የማይለው ለምን ይመስላችኋል?"

ትርሲት ከእናቷ እጅ ወጣች። ገና ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ፣ "እርስዎስ?" አለቻቸው። "እርስዎ ጅራት የለዎትም?"

ጋሽ ሸምሱ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት። "አላውቅም። ለኪኝ።"

ልጅቷ ሜትሩን ተቀብላ ዞረቻቸው። ከማጅራታቸው ጀምራ እስከ ወገባቸው ለካች፤ በእጇ ኮታቸውን ዳበሰች፤ ከፍ አድርጋ አየች። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲለካ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

"የለም!" ብላ ጮኸች። "ጅራት የላቸውም! ሰው ናቸው!"

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ስልሳ ልጅ ተሰለፈ። ግማሹ ጋሽ ሸምሱን ሊለካ፣ ግማሹ ልኩን ሊያስወስድ። ሊቀ መንበሩ "ስብሰባው ተፈጽሟል" አለ፤ የሰማው የለም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ ልጆቹ ወደ አዳራሹ መምጣት ትተው ከሱቃቸው በር ላይ ተረት መስማት ጀመሩ። እኔን የናፈቀ የለም። ትራክተሩንም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላበቃም። ያን ዕለት ከአዳራሹ ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር ከኋላዬ የቦት ጫማ ድምፅ መጣ። ጉሙ ከመብዛቱ የተነሣ የጃንጥላዬ ጫፍ አይታየኝም። ሊቀ መንበሩ ከጎኔ በቀለ። አብረን ሄድን፤ አንድ የመብራት ምሰሶ አለፍን፤ ሁለተኛውንም።

"ለመሆኑ" አለኝ ወደ ፊት እያየ፣ "ያ ተረት ድሮ... መጨረሻው እንዴት ነበር?"

"ጎመን የሚበላበት?"

"ጎመኑን ተወው። አክስትህ የነገረችህን።"

ዋሽቼ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ጉም ውስጥ ሰው ሕልም ውስጥ ያለ ያህል አፉ ይፈታል። "ሦስተኛዋ ልጅ ብልህ ነበረች" አልኩት፣ በአክስቴ ቀጥቃጭ ፈንታ የእኔን ልብስ ሰፊ እያስገባሁ። "ሲባጎውን ከጉድጓድ ውሃ አፍ ላይ አሰረችው። ጅቡ ሲባጎውን ተከትሎ ጉድጓድ ገባ። ሲነጋ ሰዎች ሱሪውን ጉድጓዱ ዳር አገኙት።"

"ጥሩ ነው" አለ፣ ቀለል ብሎት። "አለቀ?"

"አላለቀም። ሰዎቹ ሱሪውን ከበው ቆሙ። አንዱ 'እኔኮ ጅብ መሆኑን አውቅ ነበር' አለ። 'እኔም' አለ ሌላው። ለካ ከተማው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ልብሱ ስላማረባቸው ነው ዝም ያሉት። አክስቴ እዚህ ስትደርስ ትነሣና መብራቱን ታጠፋዋለች።"

ሊቀ መንበሩ እርምጃውን አፈጠነ። የቦት ጫማው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው ከጉሙ ወጣ፣ አጎንብሶ እጅ ነሣው፣ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሊቀ መንበሩ ዞሮ ሰውዬው የገባበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አየው።

"ቤቴ ከዚህ ሩቅ አይደለም" አለኝ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። "እስከ በሩ ሸኘኝ።"

ሽጉጥ የታጠቀውን ሰው እኔ በጃንጥላዬ ሸኘሁት። የግቢው በር ላይ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረ። "እስክገባ ድረስ እዚሁ ቁም" አለኝ። ቆምኩ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወረው፤ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛውን። ከበሩ ማዶ፣ ያ አዳራሽ የሚያናውጥ ድምፅ፣ እንደ ልጅ ቀጥኖ፣

"አለህ?" አለኝ።

"አለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አልኩት።